ለአሚናት ምን ይጻፍ?

«አሁንም እንቢ አለ?» አለች ሰውዳ ከበሩ ሆና።

«አሁንም» አለች ልጇ ዙሌካ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል። ብሮውዘሩ ያንኑ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ደቅኖባታል፤ ፕሮክሲ ሰርቨሩ ግንኙነት አልቀበልም ብሏል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። ኔት ከሌለ መጻፍ የለም፤ መጻፍ ከሌለ ደግሞ መዋሸት የለም።

ዙሌካ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የእናቷ ታናሽ ወንድም ይማም ከወሎ ወጥቶ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ሳዑዲ፣ ጂዛን ከገባ ወዲህ ከእነሱ ጋር እየኖረ የማንጎ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። የየመን ድንበር ላይ መድፉ ሲያጓራ ከርሟል፤ ፍተሻውም በዚያው ልክ በርትቷል። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ሲመለስ ሹርጣ፣ ማለትም ፖሊስ፣ መንገድ ላይ አስቁሞ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጠየቀው። ኢቃማ ከየት ያምጣ? ከነስልኩ ጭነው ወሰዱት። ወሬውን ያመጣላቸው አብሮት የነበረና አጥር ዘሎ ያመለጠ ሰው ነው።

ይማም ፊደል አልቆጠረም። ሚስቱ አሚናት ግን ሰባተኛ ክፍል ድረስ ስለተማረች፣ በየዓርቡ ከሚሴ ወርዳ ከአንድ ዘመዷ ሱቅ ሆና መልእክቱን ታነባለች። የሚጽፍለት ሰው ዙሌካ ናት። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።

«ፋራሳን ደሴት ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለውም፣ ደህና ነው በያት» አለች ሰውዳ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያለችውን ደግማ። «ነፍሰ ጡር ናት። ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?»

«ውሸት እኮ ነው፣ እማ!»

«ኸላስ፣ በቃ! ለሰው ነፍስ ሲባል የሚዋሽም አለ። ያላ፣ አስተካክይውና ጻፊ።»

ላፕቶፑ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ፣ ዊንዶውስ ሲከብደው ሊኑክስ የተጫነበት ነው። ኔት ያገኝ የነበረው ከይማም ስልክ ነው። ስልኩ መስመሩን የሚያጋራው ፕሮክሲ በሚባል አገናኝ አድራሻ በኩል ስለነበር አድራሻውን የሞላችው ራሷ ዙሌካ ናት። አሁን የያዘችው የአማርኛ ፊደል የሌለውን የእናቷን ስልክ ዋይፋይ ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍታ፣ መስመሩን ለመሞከር ፒንግ ስታደርግ መልስ ይመጣል። መስመሩስ አለ፤ እንቢ ያለው ብሮውዘሩ ብቻ ነው። የሲስተሙን የኔትወርክ ሴቲንግ ከፈተች፤ የይማም ስልክ አድራሻ አልጠፋም። ፕሮክሲውን አጠፋችው። ብሮውዘሩን ዘግታ ከፈተች። ያው ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ተበላሽቷል ብትል ሰውዳ ምን ታውቃለች? ግን አሚናት እዚያ ሱቅ ደጃፍ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ታየቻት። ብሮውዘሩ የራሱ የፕሮክሲ ሴቲንግ እንዳለውም ትዝ አላት፤ ያን ጊዜ ቸኩላ ሁለቱም ቦታ ሞልታው ነበር። ከፈተችው። የአጎቷ ስልክ አድራሻ እዚያም ቁጭ ብሏል። ብሮውዘሩ እስካሁን የሌለ ስልክ ሲፈልግ ነው የዋለው። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ «ያለ ፕሮክሲ» የሚለውን መረጠች።

ገጹ ተከፈተ። የአሚናት መልእክት እየጠበቃት ነበር።

«ዙሌካዬ፣ አጎትሽ የት ነው? ድንበር ላይ ቦምብ የጨረሳቸው የኛ ልጆች አሉ ይባላል። እዚህ ሰው ሲያየኝ ወሬውን ያቋርጣል። አደራሽን፣ ደህና ነው፣ ኔትወርክ የለውም ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። እናቴ የሞተች ጊዜም ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው ሲሉኝ ሰንብተው ነው ጎህ ሲቀድ መርዶውን ይዘው የመጡት። አሁንም ሌሊቱ ሊነጋ ሲል የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መርዶ ነጋሪ እየመሰለኝ ነው። እስክትመልሽልኝ ከሱቁ አልሄድም።»

ዙሌካ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እናቷ አሚናትን ለማዳን ያዘጋጀችው ቃል አሚናት የምትፈራው ቃል ራሱ ነው። ፋራሳን ነው ብትላት፣ ያቺ ሴት ዛሬ ማታ በልቧ ባሏን ልትቀብር ነው። ይማም ደግሞ ታሰረ እንጂ አልሞተም።

«ተከፈተ እንዴ?» አለች ሰውዳ።

«ተከፍቷል።»

«አልሐምዱሊላህ! በይ እንዳልኩሽ ጻፊ። ጉድ እንዳታፈይብን።»

ሰውዳ ማንበብ አትችልም። አንዱን ጽፋ ሌላውን ብትነግራት የሚያውቅባት አልነበረም። ዙሌካ ይህንንም አሰበችው፤ ማሰቧም አስጠላት። ከዚያ ጻፈች፣ አጥፍታ እንደገና ጻፈችና ላከችው።

«እማ፣ እስቲ እዚህ ተቀመጪ» አለች። «የላክሁትን ላንብብልሽ።»

ሰውዳ የልጇን ፊት አየችና ምንጣፉ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ዙሌካ ማንበብ ጀመረች። «እትዬ አሚናት፣ አጎቴ በሕይወት አለ። ረቡዕ ሹርጣ ይዞታል። የት እንዳሰሩት ገና አላወቅንም…»