አርባ ሴኮንድ ጨለማ

ሲጥጥ… አለ። ከዚያ ዝም። ቆየት ብሎ ደግሞ ሲጥጥ አለ፤ ከባድ ነገር የሚጎትት የወፍራም ገመድ ድምፅ ነው። ከሥሩ ውሃ እንጨት ላይ ቀስ እያለ ይላተማል።

ባርቶል ዓይኑን አርገበገበ። ምንም አይታይም። የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አዳራሽ መስኮቶች በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ፊት ለፊት የተወጠረው ሸራም ከጨለማው አይለይም።

«ፕሮጀክተሩ ሞተ እንዴ?» ብሎ አጠገቡ ወደተቀመጠው ወደ ክሬሾ ጆሮ ተጠጋ።

«ዝም በል ባክህ!» አለው ክሬሾ። የዱባ ፍሬ መቆርጠሙን ግን እሱም አቁሟል።

ሩቅ፣ በጣም ሩቅ ውሻ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ሳለ፤ ሳሉ ቅርብ ነው፣ አጠገቡ የተቀመጠ ያህል። ገመዱ ሲጥጥ አለ። ውሻው እንደገና ጮኸ፣ አሁን ቀረብ ብሏል። ባርቶል ሳያስበው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጦ ያዘ። ወንበሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እሱ ግን እየሄደ ነው። ጉም ፊቱን የዳሰሰው መሰለው። ውሻው ቀረበ፣ ደግሞ ቀረበ፣ ሲያለከልክ ተሰማ፤ ከዚያ እንጨት ከእንጨት ጋር ጓ ብሎ ተጋጨና ብርሃን ሆነ።

ብርሃኑ ወተት ውሃ ውስጥ ጠብ ሲል እንደሚበተነው ከመሃል ተነሥቶ ተዘረጋ። የአሸዋ ቅንጣቶች ወደ ዳር እየሸሹ፣ በሸሹበት የወንዝ ዳርቻ ታየ። መሻገሪያ ጀልባዋ ቆማለች። ደርሳለች!

ባርቶል ወንበሩን ለቀቀ። ወንዙን ማንም አላሳየውም፤ ግን ተሻግሮታል። በጆሮው ብቻ፣ ከዚህኛው ዳር እስከዚያኛው።

ከአሸዋ የተሠራው ሽማግሌ ገመዱን ምሰሶው ላይ ጠመጠመና በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ገበሬ በሬውን እንደሚያባብለው። ከዚያ ዳገቱን ወጣ። ዞሮም አላየም። ከኋላው ጀልባዋ ከአፍንጫዋ ጀምራ ቅንጣት በቅንጣት ትፈርስ ጀመር። ቅንጣቶቹ ውሃው ላይ ተበተኑ፣ ውሃው ይዟቸው ሄደ፣ አንድ ቦታ ላይ ተከማቹ፣ ወደ ላይ ቆሙ፣ ምሰሶ ሆኑ፣ ድልድይ ሆኑ። በድልድዩ ላይ አንድ አውቶቡስ ሽው ብሎ አለፈ። አለቀ።

ማንም አላጨበጨበም። የጭብጨባ ነገር አልነበረም። ባርቶል በልቡ ያሰላ ጀመር፤ ለአንዲት ሴኮንድ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ ብርሃን ያለው የፊልሙ ክፍል ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ… ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ በላይ። እያንዳንዱ ፎቶ መስታወት ላይ በተበተነ አሸዋ በጣትና በብሩሽ የተሠራ፣ ቀጣዩ እንዲወለድ ደግሞ የተደመሰሰ። ከዚያች ጀልባ ዛሬ አንድ ጆንያ አሸዋ እንጂ ሌላ የቀረ ነገር የለም። ይህን ሁሉ የሠራችው ደግሞ ሁለት ወንበር አልፋ የተቀመጠችው፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ድረስ የሳበችው ሚርታ ናት።

 ይህን ፊልም ያውቀዋል። ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተሳልቆበታል።

የክበቡ ሥርዓት እንዲህ ነው። ስምንቱም ልጆች በየተራ የሚወዱትን ወይም ራሳቸው የሠሩትን አጭር ፊልም ወይም አኒሜሽን ያመጣሉ። ፊልሙ ሐሙስ ማታ የሠሪው ስም ሳይጻፍበት በስልክ ይላካል፤ ሁሉም አይቶ አስተያየቱን በብጣሽ ወረቀት ይጽፍና ቅዳሜ ጠዋት በአሮጌ የእሳት አጥፊ ቆብ ውስጥ ይጥለዋል። ወረቀቶቹ እየወጡ ሲነበቡ ፊልሙን ያመጣው ሰው ትንፍሽ አይልም። ክበቡን የሚመሩት እትዬ ኔቨንካ ናቸው፤ በዋና ከተማዋ በዛግሬብ፣ አንድ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ሥዕል ሲቀቡ ኖረው ጡረታ የወጡ። «አንድ የዓይን ጥቅሻ ለመሥራት አንድ ቀን ይፈጅብን ነበር» ይላሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

የባርቶል ወረቀት በጉጉት የሚጠበቅ ነው። ምላሱ ምላጭ ነው ይሉታል። ያን ቅዳሜ የጻፈው ሲነበብ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ «አርባ ሴኮንድ ሙሉ ጨለማ! ስልኬ የሞተ መስሎኝ ቻርጀር ፍለጋ ተነሣሁ። ስመለስም አልነጋም። ይቆረጥ! ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ደህና አሸዋ ነው።»

ሚርታም ስቃ ነበር። ጆሮዋ ቀልቶ፣ ግን ስቃ። ወረቀቶቹ ሲያልቁ «ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የሠራሁትም እኔው ነኝ» አለች።

ባርቶል ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበር። ፊልሙን ያየው ከሂሳብ ማጠናከሪያ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ በአዲሱ ድልድይ ላይ እያለፈ። ጆሮ ማዳመጫውን ቤት ረስቶ ስለነበር ድምፁን አጥፍቶታል። ቶሎ እንዲያልቅለትም በእጥፍ ፍጥነት አስኪዶታል። ወረቀቱን ጽፎ ሲጨርስ አውቶቡሱ ገና ፌርማታው አልደረሰም።

አሁን የአዳራሹ መብራት በራ። እትዬ ኔቨንካ ሁለት መነጽር ደራርበው ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሰዋል።

«ውይ፣ ልጆች፣ አሮጌውን ነው ለካ የከፈትኩት!» አሉ። «ሚርታ ዛሬ ጠዋት አሳጥራው በፍላሽ አምጥታልኛለች። ቆይ፣ እሱን ደግሞ እንየው።»

አጭሩ ተከፈተ። ገና ከጅምሩ ብርሃን ሆነ፤ ጀልባዋ ቆማለች፤ ሽማግሌው ገመዱን ጠመጠመ። ሁሉም ያው ነው። ያምራልም። ግን ባርቶል አሁን የትም አልተሻገረም። አንድ ሰውዬ አንዲት ጀልባ አሰረ፣ በቃ።

«እሺ» አሉ እትዬ ኔቨንካ፣ መብራቱን መልሰው። «ለሀገር አቀፉ የታዳጊዎች ፊልም ውድድር ከኛ የሚሄደው አንድ ነው፤ የሚርታ መሆኑን ተስማምተናል። የትኛው ይሂድ? እስከ እኩለ ቀን ልኬ መጨረስ አለብኝ።»

«አጭሩ ነዋ!» አለ ክሬሾ። «ባርቶል ጨርሶታል እኮ። ይቆረጥ ብሏል፣ ተቆረጠ።»

«እኔ ውሻው ደስ ብሎኛል» አለች ሌና፣ የክበቡ ትንሿ።

«ውሻ? የታባሽ አየሽ ውሻ?»

«አላየሁትም። ግን ነበረ።»

ሳቁባት። ሌና አንገቷን ሰበረች። «ባርቶል ካለ ግን… አጭሩም አሪፍ ነው።»

«አንቺስ፣ ሚርታ?»

ሚርታ ቀና አላለችም። «ባርቶል ልክ ነው። ጨለማውን እኔ ስለምወደው ነበር የተውኩት። አጎቴ ድልድዩ ከመከፈቱ በፊት ጀልባዋን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያሻግር አብሬው ነበርኩና… ጉም ስለነበር ምንም አይታይም። ለሌላ ሰው ግን ምኑ ነው? አጭሩ ይሂድ።»

«ዳኛችንስ ምን ይላል?» እትዬ ኔቨንካ ወደ ባርቶል ዞሩ።

ዳኛ ያሉት ለቀልድ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የባርቶል ስም የተሞላበት ቅጽ አለ። ከየክበቡ አንድ ልጅ ተመርጦ በውድድሩ ላይ አራት ቀን ከወጣት ዳኞች ጋር ይቀመጣል፤ ቅጹ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። ባርቶል ይህን ወንበር ሁለት ዓመት ተመኝቶታል። እናቱ ሸሚዙን ከአሁኑ ተኩሳ ሰቅላለታለች፤ ወሬውንም ለፎቁ ነዋሪ በሙሉ አዳርሳለች።

አንድ መውጫ ታየው። ብልጥ መውጫ፣ ፊልሙንም እሱንም የሚያድን።

«እኔ… ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» አለ። «በትልቅ ሸራ ሲታይ ሌላ ነው። ረጅሙ ይሂድ።»

«አሃ!» አሉ እትዬ ኔቨንካ፣ ደስ ብሏቸው። «ጥሩ ዳኛ ቃሉን ለመመለስ አያፍርም።»

ባርቶል እፎይ ሊል ነበር። ሚርታ ግን ከቦርሳዋ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አወጣች።

«ምኑ ነው የተለወጠው?» ስትል ጠየቀችው። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ልትጽፍ ተዘጋጅታለች። «በስልክ ምኑ አልመጣም? ውሻው ነው? የውሻውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ከፍ አድርጌዋለሁ። ሲቀርብ ካልተሰማህ የድምፅ ሥራዬ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ነበር የማስበው። ንገረኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ባርቶል ደብተሩን አየ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። አናቱ ላይ ስሙ አለ፤ ከስሙ ሥር እሱ የተሳለቀባቸው ቃላት አንድም ሳይቀሩ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ እሷ ያገኘችላቸው መፍትሔ።

«ድምፅ ሥራሽ ምንም አልሆነም» አለ። 

«ታዲያ?»

«አልሰማሁትማ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ለምን አልተሰማህም?»

«ሚርታ፣ ድምፁን አጥፍቼው ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ነው ያየሁት። ደግሞም…» ሊተወው ፈልጎ ነበር፤ ግን አንዴ ከጀመረው ወዲያ ግማሹን መደበቅ ምን ያደርጋል? «ደግሞም በእጥፍ ፍጥነት። ፊልምሽን አላየሁትም። ዛሬ ነው ያየሁት።»

 ከታች፣ ከእሳት አደጋ መኪናው ማቆሚያ፣ ሰዎች ለምሳ ቦሎቄ የሚቀቅሉበት ድስት ክዳን ሲንኳኳ ይሰማል።

«ስንቱን ፊልም እንዲህ አድርገህ አየህ?» አሉ እትዬ ኔቨንካ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለ።

«ይህን… እና ሌላ ሁለት።»

«የኔን እንዳትለኝ!» ክሬሾ ከወንበሩ ተነሣ።

«ያንተንም።»

«አንተ! "ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል" ብለህ አልነበር እንዴ?»

«ሌሎች ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ጉድ ነው! እኔ እኮ ሙዚቃውን አውጥቼ ጣልኩት፣ አንተ ፋራ!» አለ ክሬሾ። ሌና ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ባርቶል አልሳቀም። ዓይኑ ሸራው ላይ ነው። ሸራው ባዶ ነው፣ ነጭ፤ እሱ ግን አሁንም ያ ጨለማ ይታየዋል፣ ያ ውሃ፣ ያ እየቀረበ የሚመጣ ውሻ። ከእርሱ አንድ ዓመት የምትበልጥ ልጅ፣ እዚሁ ከተማ፣ በአንድ መስታወትና በአንድ ጆንያ የወንዝ አሸዋ ያን አድርጋለች። እሱ ደግሞ ይቆረጥ ብሏል።

ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ቅጹን አነሣ፣ ስሙን አየው፣ በላዩ ላይ አንድ መስመር አሰመረና ብዕሩን ከወረቀቱ ጋር እትዬ ኔቨንካ ፊት አስቀመጠ። ሴትዮዋ ከሁለቱ መነጽሮች አንዱን አውልቀው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሚርታ» አለ ባርቶል። «እኔ…»

ሚርታ ደብተሯን ዘጋች። እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ጃኬቷን ለበሰች፣ ዚፑን እስከ አገጯ ሳበችው። በባርቶል አጠገብ ስታልፍ አላየችውም፤ ፊቷንም አላዞረችበትም። ኮምፒውተሩ ጋ ቆመች። አጭሩ ፊልም ያለበትን ፍላሽ ነቅላ ኪሷ ውስጥ አስገባች።

«ሚርታ፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ኔቨንካ፣ «እንግዲያው ረጅሙን ልላከው?»

እሷ ግን በሩን ከፍታ ወጥታ ነበር። ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።