«ቫይረስ አለብኝ» ያለችው ልጅ

ባራክ ሊኦራን ያገኛት እስራኤል ውስጥ፣ ኪርያት አርዬ ካለ ላብራቶሪ ማቀዝቀዣ ሊጠግን መጥቶ ነው። ለዶክትሬቷ የምታጠናቸው ሴሎች እንዳይበላሹባት ራሱ ላይ ቆማበት ነበር።

«ቶሎ በል እንጂ!»

«ምን አለበት፣ እህቴ? ወርቅ?»

«ቫይረስ የያዛቸው ሴሎች። ሴል ሲወረር ሳይቶካይን የሚባል መልእክት ሠርቶ ጎረቤቶቹን ይጠራል። የቫይረሱ ፕሮቲን ግን መልእክቱን የሚያሠራውን ትእዛዝ እዚያው ሴሉ ውስጥ ይይዘዋል። መልእክቱ ሳይሠራ ይቀራል።»

«ቤቱ እየተዘረፈ ስልኩ ተቆረጠ በያ!»

ሊኦራ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

በተዋወቁ በስምንተኛው ወር፣ ቅዳሜ ከእናቱ ከእማማ ፋንትነሽ ጋር ሊያስተዋውቃት ቀጠሩ። ሐሙስ ዕለት ትኩሳት ጣላት። ባራክ ለተጠባባቂ ጦር፣ ለሚሉኢም፣ ተጠርቶ ጦር ሰፈር ነው፤ ስልኩ ዝግ ነው። ስለዚህ ለእናቱ ደወለች። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ በዕብራይስጥ እንደሚባለው አለች፦

«እማማ፣ ቅዳሜ አልመጣም። ቫይረስ አለብኝ።»

እማማ ፋንትነሽ «እሺ ልጄ» ብለው ዘጉት።

አርብም ቅዳሜም አልደወሉም። ሊኦራ መጠበቅ አትችልም፤ ለባራክ ጻፈች፦ «እናትህ አልፈለጉኝም። በሰደር፣ እሺ። በግድ ቤታችሁ አልገባም። በቃን።»

እሑድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። እማማ ፋንትነሽ ናቸው፤ ከሰፈራቸው ከማሃኔ የሁዳ በአውቶቡስ፣ የዶሮ ሾርባ በፎጣ ጠቅልለው።

«መድኃኒቱን ጀምረሻል?»

«የምን መድኃኒት?»

«የኤድሱን ነዋ! ቫይረስ አለብኝ አላልሽም? ዛሬ ሰው እየዋጠው ልጅም ይወልዳል አሉ። ባራክ ያውቃል?»



«እማማ... ጉንፋን እኮ ነው! በዕብራይስጥ ጉንፋኑም ቫይረስ ነው!»

እማማ ፋንትነሽ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ሳቁ፣ ደግሞ አለቀሱ።

«ሁለት ቀን አልቅሼልሽ ነበር፣ አንቺ!»

«ታዲያ እንዴት መጡ? እንደዚያ እያሰቡ?»

«እዚህ አገር በዚህ በሽታ ስም የለገስነውን ደም ደፍተውብናል፣ ልጄ። እኔ ደግሞ ባንቺ ላይ በር ልዝጋ? ያላ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

ሊኦራ በአንድ እጇ ማንኪያ፣ በሌላው ስልኳን አነሣች። ባራክ ሳያነበው መልእክቷን አጠፋችው።

በበጋ ተጋቡ። በዕብራይስጥ የተጻፈው የዶክትሬት ጥናቷ የምስጋና ገጽ ላይ አንድ የአማርኛ መስመር አለ፦

«ቫይረስ አለባት ብለው አምነው ሾርባ ይዘው ለመጡልኝ፣ ለእማማ ፋንትነሽ።»