የቀርሜት ረግረግ ዋጋ

በዘንቦራ ምድር፥ ነጋሪት ሳይጎሰም፥ ጦር ሳይሰበቅ፥ የአውሪት ወንዝ ዓሣዎች አንድ ማለዳ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው ተንሳፈፉ። ከወንዙ የጠጣ ከብት ሳይመሽ ወደቀ። የቤተ መንግሥቱ ጠቢባን፥ ጠጪው የሚባለው ዘንዶ ከዘመናት እንቅልፉ ነቅቶ በአንዱ ምንጭ መርዙን እየተፋ ነው አሉ። በየትኛው እንደሆነ ግን አላወቁም፤ የአውሪት ገባር ወንዞች ብዙ ናቸውና።

ንጉሥ ዘርጋስ ሲሳራን አስጠሩ። የወጣቲቱ ሥራ በየወንዙ ዳር እየዞሩ፥ ለወፍና ለአውሬ የሚመቸውን ውኃ ከታመመው መለየት ነበር። የእናቷ ወንድም ጎርማስ፥ በጦር ውርወራ ስሙ የተጠራ ሽማግሌ፥ ብቻዋን አልሰዳትም ብሎ ተከተላት።

ሽቅብ ወጡ። ገባር በተገናኘበት ሁሉ ሲሳራ ድንጋይ እየገለበጠች ከሥሩ የሚኖሩትን ትሎች ትፈልጋለች። ሕይወት ያለበትን ገባር እየተዉ፥ ድንጋዩ ባዶ የሆነውን ተከተሉ።

ከዘንዶው ምንጭ በታች፥ ከተመረዘው ጅረት በአፈር ክምር ብቻ የተለየ ሰፊ ረግረግ አገኙ፤ ስሙ ቀርሜት ነው። ደንገሉ ከሰው ቁመት ያልፋል። ከወንዙ የሸሸ ሽመላና ይብራ ሁሉ እዚያ ጎጆ ሠርቷል፤ የውኃ አውሬዋ አቆስጣ ግልገሎቿን ይዛ ትዋኛለች። ሲሳራ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ውኃ አይታ አታውቅም።

ጎርማስ ግን ምንጩን ይመለከት ነበር።

«አውሬውን ብወጋው ደሙ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ አውሪት ከገባ አገር ያልቃል» አላት። «ክምሩን ንደን ወደዚህ ብናዞረው፥ ረግረጉ ይሸከመዋል? ለንጉሥ እንደምትናገሪ ንገሪኝ።»

ረግረጉ መሸከም የማይችል ቢሆን ምንኛ በወደደች።

«ይሸከመዋል፥ አጎቴ። ደንገሉ ጥቅጥቅ ያለ፥ ጭቃውም ጥልቅ ነው። ወደ አውሪት የሚያወጣው ውኃ ንጹሕ ይሆናል። ረግረጉ ራሱ ግን አይተርፍም። ወደ ምንጩ የገባ ሰውም አይተርፍም።»

«እርሱን ለእኔ ተዪው» አላት።

አብረው ጅረቱን በድንጋይ ዘጉ፤ የአፈሩንም ክምር ናዱ። ከዚያ ግንባሯን ስሞ፥ አውሬውን ሊገድል በአባቶቹ አጥንት ምሎ፥ ጦርና ጋሻውን ይዞ ወጣ። ምድር ተናወጠች። የዘንዶው ጩኸት ሸለቆውን ሞላው፤ ወዲያው ጥቁር ደም ቁልቁል ወረደ፥ ከደሙም ጋር የጎርማስ ጋሻ።

ከወፎቹ መብረር የቻሉት ተነሡ። ጫጩቶቹ አልቻሉም። ደንገሉ ከሥሩ ጀምሮ እየጠቆረ ሄደ። በረግረጉ ማዶ መውጫ ግን ውኃው ኩልል ብሎ ወጣ፤ በታች ባለው አገር ሰው እልል አለ።

የንጉሡ መልእክተኛ በተሸለመ በቅሎ ሊወስዳት ሲመጣ፥ ሲሳራ ከጥቁሩ ጭቃ ውስጥ የሞቱትን ጫጩቶች እየለቀመች ትቀብር ነበር።

«ወንዙ ድኗል በላቸው» አለችው፥ ቀና ሳትል። «አውሬውን የገደለው ጎርማስ ነው። ስለ ቀርሜት ከጠየቁህ ግን፥ የገደለችው ሲሳራ ናት በላቸው።»