አንዲት ቅጠል አትነካም

ሲስተር የተገኙት ከግንቡ ሥር፣ ከወደቀ መሰላል አጠገብ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ካሜራቸው እንኳ ከአንገታቸው አልወረደም። ከበላያቸው ግንቡን ይዛ የወጣችው ጽጌረዳ ምንም እንዳልተፈጠረ ፍንትው ብላለች።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያዋለዱ ነርስ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የፀደይና የበጋ አበቦችን ፎቶ ማንሳት ጀመሩ፤ እሱንም ከደጃቸው አርባ እርምጃ ሳይርቁ። «አበባ ፍለጋ አገር ላገር የሚዞር ሰው ደጁን ያላየ ነው» ይሉ ነበር። አንድ እምቡጥ እስኪፈነዳ ዐሥር ቀን ተንበርክከው ይጠብቃሉ። ምጥ መጠበቅ የለመደ ሰው መቼም አይቸኩልም።

መርማሪዋ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ ሳይሆን የገባችበትን ሳትበሳ ስለማትወጣ ነው። አዛዧ ግን ቀድመዋት ደርሰው ነገሩን ቋጭተውታል።

«ከመሰላል ወድቀው ነው» አሏት። «እግሩ የበሰበሰ መሰላል ያቆመላቸው አትክልተኛው ነው። ትናንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጥፋቱን አምኖ ይፈርምና መዝገቡን ትዘጊዋለሽ።»

«ካልፈረመስ?»

«ይፈርማል።»

በዚያ ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። የሟች ታናሽ ወንድም በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየው ፎቶ አንሺ ደግሞ ዘንድሮ የተሸለመ፣ ስሙ የተጠራ ነው። አትክልተኛው ግን ከመቆፈሪያው በቀር ማንም የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፣ አለች መርፌ በሆዷ።

ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሲስተር ሱሪ ሁለቱም ጉልበቶቹ ላይ እርጥብ አፈር ይዟል። ከግንቡ ሥር ያለው አፈር ደግሞ ፀሐይ የጠበሰው አቧራ ነው። እርጥብ አፈር ፍለጋ ዞር ዞር ስትል፣ በሲሚንቶው መተላለፊያ ማዶ፣ ከቤቱ ደጃፍ የሚንጠባጠብ ቧንቧ አየች። ከቧንቧው ሥር ሁለት የጉልበት ምልክቶች ጎድጉደዋል። ከፊታቸው አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል ሐምራዊ አበባ፣ ነፋስ እንዳያወዛውዛት በሰማያዊ የልብስ መቆንጠጫ ከእንጨት ጋር ተይዛ ቆማለች።

«የልብስ መቆንጠጫ ነው» አሉ አዛዡ።

«አይቻለሁ» አለች መርፌ።

ወንበር አስመጥታ ወደ ጽጌረዳዋ ወጣች። በዚያ ጠራራ ፀሐይ አበባዋ ላይ ትልልቅ ጠብታዎች ቁጭ ብለዋል። አንዱን በጣቷ ነካችው። ያዳልጣል፤ አይደርቅም። ወደ ታች ስታይ አፈሩ ላይ ሦስት የጠወለጉ የአበባ ቅጠሎች ወድቀዋል፤ ከላያቸው አቧራ የለም፣ የተቀነጠሱት ገና ዛሬ ነው።

ከዚያ ካሜራውን ከፈተች። የመጨረሻው ፎቶ ያችው ጽጌረዳ ናት፤ እንከን የማይወጣላት፣ ጠብታዋ የሚያበራ። ከዚያ በፊት ያለው በዚያው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳው የሐምራዊዋ አበባ ፎቶ ነው፤ ገና በግማሽ ተከፍታለች። ወደ ኋላ ሦስት መቶ ፎቶ አየች። ትል የበላው ቅጠል አለ፣ የጠወለገ አለ፣ ጉንዳን የወጣበት አለ። ሁሉም ጥግ ላይ ሰማያዊው መቆንጠጫ አለ። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ብቻ የለም።

ወንድምየው ሳሎን ውስጥ የመኪና ቁልፉን ያሽከረክራል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ግቢውን ለመኪና ማቆሚያ ሲሚንቶ ላስደርገው ፈልጌ ነበር፤ አልደብቅም» አለ። «በየሳምንቱ እንጣላለን። እሷም "ሬሳዬን ተሻግረህ ካልሆነ አንዲት ቅጠል አትነካም" ትለኝ ነበር።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ካሜራቸውን ያውቁበታል?»

«እኔ? በስልኬ ሳነሳ እንኳ አውራ ጣቴ ነው የሚወጣው።»

የፎቶ አንሺው ክፍል የመድኃኒት ቤት ያህል የተስተካከለ ነው። ግድግዳው ላይ ያሸለመው ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፤ አንዲት ቀይ አበባ ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች። መስኮቱ ሥር ባለሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ትራይፖዱ፣ ታጥቦ ቆሟል።

«ከክፍሌ አልወጣሁም» አለ። «ሲስተር መሰላል ላይ ሲወጡ በመስኮት አይቼ ኧረ ይጠንቀቁ ብያቸዋለሁ። ፎቶ ያስተማርኳቸው እኮ እኔ ነኝ። ግን እልኸኛ ነበሩ። ትል የበላውን ቅጠል ይቀንጥሱት ስላቸው "እኔ አዋላጅ ነኝ፣ እንደተወለደ ነው የምቀበለው" ይሉኛል።»

«ትራይፖዱን ምን ነክቶት ታጠበ?»

«አቧራ» አለና ፈገግ አለ።

አትክልተኛው ደጅ በቆመው የፖሊስ መኪና ውስጥ እጁ ታስሮ ተቀምጧል። ሳይፈረም የቀረው ወረቀት ጉልበቱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ትናንት በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በአረም። ያችን ሐምራዊ ልነቅላት ስል "አበባ ናት" አሉኝ። አረም ናት አልኩ። "እስከ ነገ ጠብቅ፣ እረታሃለሁ" አሉኝ።»

«መሰላሉንስ?»

«ሲስተር መሰላል አይወጡም። የግንቧን ጽጌረዳ "ወደኔ ስትወርድ አነሳታለሁ" ነው የሚሉት። ነገ ፎቶዎቻቸውን አጥሩ ላይ ሊሰቅሉ ነበር፣ ሳይቆረጥ ሙሉውን። ሽቦውን የወጠርኩት እኔ ነኝ። "የማን እንደሆነ መንገደኛው አይቶ ይፍረድ" አሉ።»

«የምን?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

«ከፈረሙ ቅጣቱ ቀላል ነው ብለዋል አሉ፣ አዛዡ።»

«ብለውኛል። ያላደረጉት ነገር ቀላል የለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አልፈርምም።»

መርፌ ወደ አዛዧ ተመለሰች። «መዝገቡን አልዘጋም። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰብስቡልኝ።»

«ትእዛዝ ነው የሰጠሁሽ።»

«ያን ጊዜ ካልረታሁ፣ ከአትክልተኛው ቀድሜ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ የሥራ መልቀቂያዬን።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። መርፌ በአጥሩ ዳር ባለችው አጭር ጽጌረዳ አጠገብ ቆማ የሲስተርን ካሜራ ዘረጋች። ከአበባዋ ሁለት ቅጠል ጠውልጓል።

«እያንዳንዳችሁ አንድ ፎቶ አንሱልኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

ወንድምየው ቀድሞ አነሳ፤ የወጣለት ግማሽ አበባና ሙሉ አውራ ጣት ነው። የአትክልተኛው ካቴና ተፈታለት። እንደ ሲስተር ተንበረከከ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ አነሳ፤ አበባዋን ጫፏን አልነካም። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሲቀበል ፊቱ በራ። ብርሃኑን አየ፣ አንገቱን ዘመም አደረገ፣ ከዚያ እጁ በራሱ ጊዜ ሄዶ የጠወለጉትን ሁለት ቅጠሎች ቀነጠሰና መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ አነሳ።

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» አለች መርፌ። «ጠዋትም እንዲሁ ነው የጣልካቸው። ከግንቡ ሥር ሦስት አሉ።»

«አበባ ማጽዳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ሲስተር አበባ ነክተው አያውቁም፤ ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ። ስለዚህ የመጨረሻውን ፎቶ ያነሱት እሳቸው አይደሉም። ጠብታዎቹም እስከ አምስት ሰዓት አልደረቁም፤ ውሃ ብቻ ሳይሆን፣ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን የገባበት ነው። ከሦስታችሁ አበባን በግሊሰሪን የሚያስጌጥ ማነው?»

ወንድምየው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ።

«ሲስተር የሞቱት ቧንቧው ዘንድ ነው» ስትል ቀጠለች። «ጉልበታቸው ርጥብ ነበር፤ መቆንጠጫቸውም እዚያው ነው የቀረው። ዐሥር ቀን የጠበቋት አበባ እየፈነዳች ጥለዋት መሰላል ሊወጡ? ከኋላ ተመቱ። በሲሚንቶው መተላለፊያ ስለተወሰዱ የተጎተቱበት ምልክት የለም። ከዚያ መሰላሉ ቆመ፣ ላይ ሆነው ያነሱ ለማስመሰል አንድ ፎቶ ተነሳ፣ መሰላሉም ወደቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አንተ ግን እንከን ያለበት ፎቶ ማንሳት አልሆነልህም።»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?» አለ ፎቶ አንሺው።

መርፌ ከሲስተር ሳጥን ያገኘችውን ፎቶ አወጣች። ያችው ተሸላሚዋ ቀይ አበባ ናት፣ ግን ሙሉዋ፤ ጥጉ ላይ ትል የበላው ቅጠልና ሰማያዊ መቆንጠጫ አለ።

«ይቺን የሲስተርን ፎቶ ጥጓን ቆርጠህ በስምህ ተሸለምክባት። ነገ ሙሉዋ አጥሩ ላይ ልትሰቀል ነበር። ትራይፖድህን ወስደን መገጣጠሚያውን ስንፈታው ደም አገኘን፤ እግሩን እንጂ እሱን አላጠብከውም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፎቶ አንሺው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እንዳይሰቅሉት ለመንኳቸው» አለ። «ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። "ዝም በል፣ እየተከፈተች ነው" አሉኝ።»

አትክልተኛው የተፈታለትን ካቴና አንስቶ ለፖሊሱ አቀበለ። «ለሱ» አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መርፌ ተመልሳ ስትመጣ፣ አትክልተኛው ፎቶዎቹን አጥሩ ላይ በሰማያዊ መቆንጠጫ እየሰቀለ ነው። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ወንድምየው መኪናውን ውጭ መንገድ ላይ አቁሞ ፎቶ ያቀብላል።

«ይሄን በትል የተበላውን ብንተወውስ?» አለ ወንድምየው።

«አንዲት ቅጠል አትነካም» አለ አትክልተኛው።

ወንድምየው ቃሉን አወቀው። ፎቶውን በሁለት እጁ አቀበለ።

የመጨረሻዋ ሐምራዊዋ ናት። አትክልተኛው ሳይሰቅላት በፊት ወደ ቧንቧው ሄዶ ጎንበስ አለና ሙሉ በሙሉ የተከፈተችውን አያት። መርፌም አጠገቡ ቆመች።

«አረም ናት ብለው አልነበር?»

«ብዬ ነበር» አለ። ከዚያ እዚያው ሲስተር በተንበረከኩበት ቦታ ተንበረከከ። «ተረታሁ፣ ሲስተር።»