በቀኝ ጆሮዬ የሚጫወተው ቤዝ

ስድስቱን የባትሪ ድንጋዮች ከታሰሩበት ሳልፈታ እርጥበታቸውን በጨርቅ እየጠረግኩ ነበር።

አርብ ነው። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ ቡናው መሃል ባለው ቤታችን።

ይህ በእኔ በዮሃና ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ሰፈራችን መጥቶ የፈለገውን ሰው ይጠይቅ።

እናቴን ግን አትጠይቋት።

እሷ አሁን ደስተኛ ናት።

ወንድሜ አሞጽ የቤተ ክርስቲያናችን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ማክሰኞ ጠዋት "ከወንዙ ማዶ ያለውን ቡና አይቼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ወንዙ ሞላ...

አልተመለሰም።

ከመውጣቱ በፊት ለእሁድ አዲስ መዝሙር እየተለማመደ ነበር። ቤዙን የሚሰካበት ፔዳል አለው፤ በእግር የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሳጥን። አንዴ ሲረግጠው የተጫወተውን ይቀዳል። ደግሞ ሲረግጠው ያንኑ ሳያቋርጥ ይደጋግማል። ኃይል ከተቋረጠበት ግን የቀዳው ሁሉ ይጠፋል።

እኛ ጋ መብራት ሳይሄድ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ አሞጽ መላ አበጀለት። ስድስት ትልልቅ ድንጋዮች በእንጨት ላይ ደርድሮ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ አሰራቸው። ዘጠኝ ቮልት ይሰጣሉ፤ ፔዳሉም የሚፈልገው ያንኑ ነው።

"እንዳታጠፊው" አለኝ ያን ጠዋት። "መጨረሻው አልመጣልኝም። ስመለስ እጨርሰዋለሁ።"

ከዚያ ትርፉን ገመድ በክርኔ ላይ ስጠቀልል አየኝና ነጠቀኝ።

"አንቺ ልጅ! ገመድ ነው ወይስ ያህያ መጫኛ? በክርን ከተጠቀለለ ውስጡ ይበጠሳል አላልኩሽም?"

እንደ ልማዱ በመዳፉ ላይ ቀለበት በቀለበት፣ ሳያጠብቅ ሰበሰበው።

የመጨረሻ ንግግራችን ይህ ነበር።

የማክሰኞው ዝናብ መብራቱንም ኔትወርኩንም ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉን ያቆዩት ድንጋዮቹ ናቸው። እናቴ በየመሃሉ ብቅ ትላለች።

"አሁንም አለ?"

"አለ፣ እማዬ።"

ማዳመጫውን ተቀብላኝ ግራ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ግራውን ብቻ። እዚህ ፔዳል ላይ ማዳመጫ ሲሰካ ቀኙ አይሰራም። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።

ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ቤዙ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ሊደርስ ሲል ይቋረጥና እንደገና ከመጀመሪያው...

ያን ቀን ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ዮሃና... ውሃ ይሰማኛል።"

ተቀብያት ሰማሁ። እውነቷን ነው። ከቤዙ ኋላ ውሃ አለ። ብዙ ውሃ።

ቤዝ ጊታር የጅማቱን እንጂ የውሃ ድምፅ አይቀዳም። ደግሞ አሞጽ ሲቀዳው ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

"የጣራው ዝናብ ነው" አልኳት።

በሩ ተንኳኳ። የእናቴ ወንድም ጋሼ ታፈሰ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ከማክሰኞ ጀምሮ ፍለጋውን የሚመራው እሱ ነው።

"ድምፁን ሰማነው!" አለ እያለከለከ። "ከወንዙ ማዶ ካለው ገደል ስር 'ጋሼ... ጋሼ...' ይላል።"

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ታዲያ ምን ትሰራለህ እዚህ?"

"ጨለማ ነው፣ አማረች! እዚያ ታች በቀንም ዓይን አያይም። የእኔም የበላይነህም የእጅ ባትሪ ሞቷል።" ወደ እኔ ዞረ። "ድንጋይ አለሽ?"

ያለቁትን ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ አስጥተናቸው ነበር፤ ፀሐይ ሲመታቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ግን ፀሐይ ከየት ይምጣ? ሱቆቹም ጨርሰዋል።

የሚሰሩት እነዚህ ስድስቱ ብቻ ናቸው።

እናቴን አየኋት።

"ስጪው" አለች። "እሱ ከመጣ ሌላ ይጫወትልናል... ስጪው!"

ላስቲኩን ፈታሁ። የፔዳሉ ቀይ መብራት ጠፋ። ቤዙ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ስድስቱንም ሰጠሁት። ጋሼ ታፈሰ እየሮጠ ወጣ። እናቴም ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለችው።

ብቻዬን ቀረሁ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ማውለቅ እንኳን አልቻልኩም።

ከዚያ...

አንድ ጅማት ተመታ።

በቀኝ ጆሮዬ።

በማይሰራው።

ወደ ፔዳሉ ቀስ ብዬ ዞርኩ። ከድንጋዮቹ የተፈቱት ሽቦዎች ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ምንም አልነካቸውም።

ቀዩ መብራት በርቷል።

ቤዙ ከተቆረጠበት ቀጠለ። ሁልጊዜ የሚቋረጥበት ቦታ ላይ ደረሰ... አለፈው። አሞጽ መጨረሻውን እየፈለገ ነበር። ይሞክራል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይሞክራል።

ከዚያ ቆመ።

"ዮሃና..."

ሹክሹክታ ነው።

በቤዙ ላይ ጎንበስ አልኩ። "አሞጽ? የት ነህ?"

"ብርሃናቸው ይታየኛል..."

"እየመጡልህ ነው! ጋሼ ነው! በርታ!"

ውሃው ብቻ ተሰማ።

"ወደ እኔ አይደለም የሚሄዱት።"

"ምን?"

"ታች የሚጠራቸው... እኔ አይደለሁም።"

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ማዳመጫው ከፔዳሉ ተነቅሎ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ጭቃው ሁለቴ ጣለኝ። ወንዙ ዳር ስደርስ እናቴ እዚህኛው ዳር ቆማ ማዶውን ታያለች።

"ጋሼ! ተመለስ! ጋሼ!"

ወንዙ ድምፄን ዋጠው። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ምን ሆነሻል? ምን ታሟርቺበታለሽ?"

"እማዬ፣ እሱ አይደለም! በእግዚአብሔር ስም ጥሪያቸው!"

"ዝም በይ!" አለች። "ዝም በይ... ያው፣ መጡ።"

በቡናው መሃል ሁለት ብርሃን ይወርዳል። ጋሼ ታፈሰና አብሮት የሄደው ጎረቤታችን በላይነህ።

በመካከላቸው ሌላ ሰው አለ።

"አገኘነው!" ጋሼ ታፈሰ እያለቀሰ ይስቃል። ወንዙን በገመድ ተሻገሩ። "ይሄ ጉደኛ! እናቱን ሊገድላት ነበር እኮ! ጭረት እንኳን የለበትም!"

"ገደል ስር ሆነህ ወፍረሃል ልበል?" አለ በላይነህ።

ሁሉም ሳቁ። አሞጽም ሳቀ። ትንሽ ዘግይቶ።

እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ሸሚዙን እያየሁ ነበር። ዝናቡ እየወረደብን ነው። ወንዙን አሁን ተሻግሯል።

ሸሚዙ ደረቅ ነው።

ቤት ስንገባ ጋሼ ታፈሰ ስድስቱን ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ መለሰልኝ። እናቴ ምግብ ልታቀርብ ጓዳ ገባች፤ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

አሞጽ ፔዳሉን ቁልቁል አየው።

መብራቱ አሁንም ቀይ ነው።

"ማነው ያበራው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አንተ... እስክትመለስ እንዳላጠፋው ነግረኸኝ ነበር።"

"ተመለስኩ።"

ጎንበስ አለ። ገመዱን ከቤዙም ከፔዳሉም ነቀለ። ክንዱን አጠፈ።

ገመዱን ክርኑ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

ዙር በዙር፣ አጥብቆ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል።

"እራት ደርሷል!" አለች እናቴ ከጓዳ። "አሞጽዬ! ና፣ ልጄ!"

"መጣሁ፣ እማዬ።"

ፔዳሉን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ማዳመጫውን ከአንገቴ ላይ በቀስታ አወለቀ። ለአፍታ ቀኙ ማዳመጫ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ።

እዚያ ውስጥ አሞጽ መጨረሻውን አግኝቶት ነበር። እየተጫወተው ነው።

ማዳመጫውንም ጠቅልሎ ጨመረው። ዚፑን ዘጋ። ቦርሳውን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠና ወደ እራት ሄደ።

ቀዩ መብራት በቦርሳው ጨርቅ ውስጥ ይታያል።