ሰማያዊው ገመድ የገባበት ቀዳዳ

ሙዚቀኛው ሙሉአለም በአሰብ የሠራተኞች ክበብ መድረክ ላይ አናቱ ተፈንክቶ፣ ከመርከበኛ ከገዛው ሲንተሳይዘር ከተባለ የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ሥር ተዘርሮ፣ ሞቶ ተገኘ። ፋናዬ ስታየው ክው አለች። ትናንት በልምምድ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ዓይንህን አያሳየኝ!» ብላው ነበር፤ ወይ አፍ! የደርጉ ካድሬ ያቺን ቃል ይዞ «ገዳይዋ እሷ ናት፤ አሁኑኑ ትወሰድ» ይላል። በዚያ ዘመን የተወሰደ ሰው የት እንደሚደርስ ማን አጣው?

ከሟቹ ሌላ የአዳራሹ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ዘፋኟ ፋናዬ፣ ጊታር መቺው ስለሺና የመብራት ሠራተኛው ገሠሠ። መርማሪው መቶ አለቃ ዓለምዘውድ ሦስቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰባቸው። ካድሬው በሩ ላይ ቆሟል።

«ገሠሠ፣ ይህን መሣሪያ ነክተኸው ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ! ዛሬማ አዳራሹንም እግሬ አልረገጠው።»

መርማሪው መሣሪያውን አብርቶ ቢጫነው ጭጭ አለ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና ቀዳዳዎቹን በጀርባው እንደከለለ ከድምፅ ማጉያው የመጣውን ሰማያዊ ገመድ ነቀለው።

«ባለሙያው አንተ ነህ፤ እስቲ መልስልኝ።»

ገሠሠ ሰማያዊውን ገመድ ዙሪያው ሰማያዊ በተቀባ ቀዳዳ ውስጥ ሰካው። «ሥራችን ይኸው ነው፤ ቀለምን በቀለም።»

መርማሪው ተጫነው፤ ድምፅ የለም።

«ፋናዬ፣ አንቺስ?»

ገመዱን ነቅላ ቀዩ ቀዳዳ ውስጥ ሰካችው። መርማሪው ሲጫነው መሣሪያው አዳራሹን በጩኸት ሞላው።

«በምን አወቅሽ?»

«ሙሌ ነው ያስተማረን። በቀዩ ድምፅ ይወጣል። ሰማያዊው ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ቢጫው መቼ እንደሚጀምር ይነግረዋል። ገመዶቹን ግን ከወደብ ነው የለቃቀማቸው። ‹የገመዱን ቀለም አትዩ፤ የቀዳዳውን እዩ› ይለን ነበር።»

ስለሺም «እውነቷን ነው» አለ።

«እንግዲህ ስሙ» አለ መርማሪው። «የክበቡ ጎረቤት የሆነ ባለሱቅ ዛሬ ሙዚቃው ድንገት ቀጥ ሲል ሰምቷል። በግብግቡ ገመዱ ተነቀለ። ገዳዩ ፀብ የነበረ እንዳይመስል መልሶ ሰካው፤ የሰካው ግን ሰማያዊው ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ እኔም ቅድም የነቀልኩት ከዚያው ነው። ፋናዬና ስለሺ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ አይሳሳቱም። ቁልፍ ካላቸው ውስጥ ቀለምን በቀለም የሚያገናኝ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።»

ገሠሠ አመዱ ቡን አለና ወደ ካድሬው ዞሮ ጮኸ።

«ወንድሙን ያሳሰርኩት እኔ መሆኔን ደርሶበት ነበር! ሊያጋልጠኝ ነው! ጓድ፣ የጠቆምኩት ለማን ብዬ ነው? ንገራቸው እንጂ!»

ካድሬው አየት አደረገውና ወደ መርማሪው ዞረ።

«ይህን ሰው አላውቀውም። ውሰደው።»

ፋናዬ ተርፋለች። ቅድም እሷን ለማስወሰድ የቸኮለው ድምፅ ግን ያው ይኸው ነበር።