ከውስጥ የሚበላው ጎማ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ቅዳሜ ነበር... ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሚልዱራ ከተማ፣ የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ።

ጨለማ የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዝናብ ካየን ወራት አልፈዋል።

ኔላ እባላለሁ። እንጀራዬ ጎማ መቀየርና የጎማን አቋም፣ አላይመንቱን፣ ማስተካከል ነው።

ወንድሜ ሳንድሮ ዝቅ ያለ መኪና ነፍሱ ነበር። ሆዷ መሬት ሊስም ትንሽ የቀረው ነጭ መኪና ነበረችው። ሞላዎቿን ቆርጦ ያሳጠረለት አባታችን ሮኮ ነው፤ ጓሯችን፣ ወይኑ ማሳ ዳር።

መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ጋደል ይላል። አላይመንቱ ካልተስተካከለ የውስጥ ጠርዙ ያልቃል። ክፋቱ፣ ከውጭ አይታይም። ቆማችሁ ስታዩት ጥርሱ ሙሉ ነው...

እጃችሁን አሾልካችሁ ከኋላ ስትዳስሱት ግን ሽቦው ወጥቷል።

ሳንድሮ በዝናብ ቀን ጎማው ፈንድቶ የመስኖው ቦይ ውስጥ ገባ። አልወጣም።

ፖሊስ "ፍጥነት ነው" አለ። አባቴ ያቺን ቃል እንደ ዳዊት ደገማት።

"መኪናዋ ምንም አልነበራትም። ልጁ ነው የበረረው።"

ቀብሩ ላይ እንኳ ይህንኑ አለ። እናቴ ከዚያ ወዲህ አናግራው አታውቅም። እኔም የማናግረው ስለ ጎማ ብቻ ሆነ።

አባቴ መኪናዋን አስጎትቶ አወጣት፣ አደረቃት፣ ጠገናት። እንከን እንደሌለባት ለአገሩ ሁሉ ሊያሳይ በየቀኑ ይነዳት ጀመር።

ጎማው ግን ይበላል።

አዲስ እገጥማለሁ። አላይመንቱን አስተካክላለሁ። መሣሪያው ሁሉም ልክ ነው ብሎ አረንጓዴ ያሳየኛል። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ይመለሳል። ከውጭ አዲስ... ከውስጥ ሙልጭ።

ሁልጊዜ የሚብሰው ደግሞ በሾፌሩ በኩል ያለው የፊት ጎማ ነው።

አለቃዬ ግሌን መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር።

"ኔላ፣ አባትሽ ጎማ በሹካ ነው እንዴ የሚበላው?"

አንድ ቀን ግን ጎማውን በጣቱ ዳሰሰና ሳቁን ዋጠው።

"ማንን ነው የሚጭነው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ብቻውን ነው የሚነዳው።"

"እንግዲያው እዚህ ጎማ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።"

ያን ቅዳሜ ግሌን በጊዜ ወጥቷል። እኔ በሩን ልዘጋ ስል መኪናዋ መጣችና ቆመች።

አባቴ ወረደ... በግራ በር። በጋቢናው በኩል።

እኛ አገር መሪው በቀኝ ነው።

"ማን ነድቶ አመጣህ?" አልኩት።

"ማን ይነዳልኛል? ሥራሽን ሥሪ!"

ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ወንበር ሰጠሁት፤ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

መኪናዋን ማንሻው ላይ አወጣሁ። የፊት ጎማዎቹን ቀየርኩ። ለካሁ፤ አረንጓዴ። ከሥር ላያት ከራሴ በላይ ከፍ አደረግኳትና እጄን ልታጠብ ሄድኩ። የመኪናዋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቧንቧውን እንደከፈትኩ... የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ።

ተመለስኩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ከማንሻው ሥር ወለሉ ላይ ጥቁር ዱቄት ይዘንባል። ቀስ... ቀስ እያለ። የጎማ ብናኝ ነው።

ገብቼ እጄን ዘረጋሁ። አሁን የገጠምኩት፣ አንድ ሜትር ያልሄደ ጎማ... ይፋጃል።

የውስጥ ጠርዙን ስነካው ሽቦው ጣቴን ወጋኝ።

ያኔ ነው ከላይ ሹክሹክታ የሰማሁት።

"ቀስ በል... ቀስ በል ልጄ..."

ከሥሯ ወጥቼ ቀና ብዬ አየሁ፤ አባቴ ነው። ጋቢና ተቀምጧል፣ ቀበቶውን አስሮ። መሰላል የለም። በምን እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"አባዬ!" አልኩ። "ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ዝም በይ... መሪ ይዟል።"

የማንሻውን ምሰሶ ያዝኩ።

እሱ ግን ፊቱን ወደ ሾፌሩ ወንበር አዙሮ ቀጠለ።

"መሪው ይጎትተኛል ብለኸኝ ነበር። አላይመንት እናሠራው ብለኸኝ ነበር። እኔ ነኝ ዓይኔ ይበቃል ያልኩህ... ጎንበስ ብዬ እንኳ አላየሁትም... እኔ ነኝ..."

ይህን ቃል ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። እናቴም ይህን ስትጠብቅ ነው የተኮማተረችው።

"ለእኔ በለው!" ጮህኩ። "ወርደህ ለእማዬ ንገራት!"

ቁልቁል አየኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

"ለእናንተ ምን ይሠራላችኋል?"

የማንሻውን ማውረጃ ተጫንኩ። መኪናዋ እየተንቋቋች ወረደች። አባቴ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፤ ሳያየኝ አልፎኝ በፀሐዩ ውስጥ በእግሩ ሄደ።

ዛሬም አለ። ጤነኛ ነው። ስለዚያ ቀን ስጠይቀው "ሙቀቱ ነው ያቃዠሽ" ይለኛል። ቡና ቤት ተቀምጦ ደግሞ አሁንም "ልጁ ነው የበረረው" ይላል።

ለእናቴ ነገርኳት። አላመነችኝም። ይህ ከሁሉም ይመረኛል።

ግን ያን ቀን... አባቴ ከሄደ በኋላ... ብቻዬን ከመኪናዋ ጋር ቀርቼ ነበር።

ጋቢናው ባዶ ነው። አየሁት። በግራ በኩል በጎማውና ከላዩ ባለው ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው፣ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል፤ ሰው ሲወርድ እንደሚሰፋው።

በቀኝ በኩል ግን አልሰፋም።

ዞሬ በሾፌሩ በኩል ቆምኩ። መስታወቱ ተዘግቷል። በዚያ ሁሉ ሙቀት... መስታወቱ ከውስጥ በእስትንፋስ ደመነ።

ከዚያ... መንገዱን ለማየት እንደሚያደርግ ሰው... አንድ እጅ ከውስጥ ጠረገው።